በኮምቦልቻ ኬላ የተለቀሰው ለቅሶ

ከደሴ እስከ ጅቡቲ ጠረፍ በአውቶብስ የሄድኩት በዕድሜዬ አንዴ ብቻ ነው። ስለዚያ መንገድ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የበረሃውን ሙቀት እንድነግረው ይፈልጋል። ሙቀቱን ሰው ይችለዋል። እኔ የምጽፍላችሁ በረሃው ሳይጀምር፣ ገና ኮምቦልቻን ሳንለቅ፣ ኬላው ላይ ስለሆነው ነገር ነው።

ደርግ በየገበያው ወጣት የሚያፍስበት ዘመን ነበር። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው፤ ማንበብና መጻፍ አውቃለሁ፣ ከዚያ በላይ የለኝም። ጠባዬ ግን ያኔም እንደዛሬው ነበር። በቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲታደል የሚዛኑን መርፌ ሳላይ ከረጢቴን አልዘረጋም፤ ከኋላዬ ያለችው ሴትም በትክክል ካልተመዘነላት ንቅንቅ አልልም። ሰፈርተኛው «ዘሃራ ሚዛን» ይለኝ ነበር። ለምስጋና አልነበረም።

ባሌ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሸክም ይሠራል። ታሞ መተኛቱን ከአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ሰማሁ። ቀበሌ እየተመላለስኩ፣ ሊቀመንበሩን እያሰለቸሁ፣ በመጨረሻ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። እናቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ታናሽ ወንድሜ ሰዒድ ታፍሶ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከተወሰደ ወዲህ እናቴ ሌላ ሰው ሆናለች። ድምፁ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። በቤታችን «ሞት» የሚለው ቃል አይነሳም። «ሳቅ ገደለኝ» ያለች ጎረቤት እንኳ ከደጃችን ተባራለች።

«በመንገድ ክፉ ቃል እንዳያመልጥሽ» አለችኝ በመስኮቱ። «አፍ ክፉን ይጠራል።»

«አብሽሪ እማ፣ ዱኣ አድርጊልኝ» አልኳት።

ከጎኔ እትዬ ታንጉት ተቀምጠዋል፤ የሰፈሬ ሰው ናቸው፣ ዝምተኛ ክርስቲያን ሴት። ከፊታችን አያ ይማም አሉ፤ ለጠረፍ ገበያ የሚሸጡት ቲማቲም በሣጥን በሣጥን ሆኖ ጣራው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ተጭኗል። ከኋላችን ገብሬ የሚባል የኩታበር ገበሬ ነው። እሱ ጠረፍም አይሄድ፤ ባቲ ወርዶ በሬ ሊገዛ ነው። በመጨረሻው ወንበር ፀጉሩን የተላጨ ከሲታ ልጅ ተቀምጧል። ዕቃዬን ላስተካክል ዞር ስል፣ የሸራ ቦርሳውን በእግሩ እየገፋ ከገብሬ ወንበር ስር ሲያስገባው አየሁት። አየሁና ዝም አልኩ። በዚያ ዘመን ያየነውን ሁሉ ብንናገር ማን ይተርፍ ነበር?

የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። ወደ ባቲ በሚወጣው መንገድ ያለው ኬላ ላይ ሰንሰለቱ ተዘርግቷል። ወታደሮች ገቡ። የኬላው አዛዥ አንድ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ረጅም፣ የማይቸኩል ሰው። ወረቀቶቻችንን ሰብስቦ ያዘና ፍተሻው ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው ወታደር ያን የሸራ ቦርሳ ጎትቶ አወጣ። ከውስጡ የወታደር ሱሪና ሸሚዝ ወጣ። ሸሚዙ በግራ ደረቱ በኩል ተቀዷል፤ በቀዳዳው ዙሪያ ታጥቦ ያልለቀቀ ጥቁር እድፍ አለ።

«የማን ነው?» አለ ሃምሳ አለቃው።

ሁሉም ጉልበቱ ላይ ያለውን ዕቃ ማየት ያዘ።

«ገባኝ» አለ። «ቆስሎ የከዳ ወታደር አብሯችሁ ተሳፍሯል። ወንድ ሁሉ ውረድ። ሸሚዝ አውልቅ።»

ወንዶቹ ፀሐይ ላይ ተሰለፉ። እኛ ሴቶቹ ከአውቶብሱ ጥላ ስር ቆምን። ሃምሳ አለቃው ደረት ደረታቸውን እያየ ሄደ። ከሲታው ልጅ ገላ ላይ ምንም የለም፤ አለፈው። ገብሬ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ገብሬ ከቀኝ ትከሻው በታች የጎደጎደ ጠባሳ አለው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በሬ ወግቶኝ ነው ጌታዬ።»

«ጌታዬ የለም። ጓድ በል።»

«በሬ ወግቶኝ ነው ጓድ።»

አንድ ወታደር ሳቀ። ሃምሳ አለቃው አልሳቀም። «ቦርሳው ከማን ወንበር ስር ነው የተገኘው?» ብሎ ጠየቀ። ከገብሬ ወንበር ስር ነው።

እኔ ዝም ማለት አቃተኝ። «ጓድ፣ ቀዳዳው በግራ ነው፣ ጠባሳው በቀኝ ነው» አልኩ።

«ሸሚዝ ይገለበጣል» አለኝ።

«ሸሚዝ ይገለበጣል፣ ገላስ ይገለበጣል?»

«ይቺን ሴት ዝም አሰኟት» አለ። እትዬ ታንጉት እጄን ያዙኝ።

ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ አናታችን ላይ ደረሰች። «ባለቤቱ ሳይታወቅ ማንም ከዚህ አይነቃነቅም» ብሎናል። የአያ ይማም ቲማቲም በሙቀት እየፈረጠ ውኃው በአውቶብሱ ጎን ወደ ታች ይወርዳል። አያ ይማም ያንን እያዩ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። መጨረሻ ላይ ከሰልፉ ወጡ።

«ጓድ፣ ገበሬው ደሴ ላይ ቦርሳውን ይዞ ሲገባ ያየሁት መሰለኝ» አሉ።

«መሰለኝ ነው ወይስ አየሁ ነው?» አልኩ ከጥላው ወጥቼ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ሁላችን ከምንቃጠል…»

«አያ ይማም፣ እርስዎ ሶላት የማያልፍዎት ሰው ነዎት። በቁርዓን ይማሉና ይናገሩ። ሰው በመሰለኝ አይታሰርም።»

አያ ይማም ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። በአገራችን በሐሰት የማለ ሰው ቤቱ እንደማይቆም ሁሉም ያውቃል። ሊምሉ አልቻሉም። ሃምሳ አለቃው ግን እጁን አወናጨፈ።

«እዚህ መሐላ የለም። ጣት ይበቃል። እሰሩት።»

የገብሬን እጅ በገዛ መቀነቱ የፊጥኝ አሰሩት። መኪና እንዲመጣ ሰው ተላከ። በዚያን ጊዜ ከድተሃል ተብሎ የተወሰደ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ማንም ለማንም አይነግረውም ነበር። ገብሬ አልጮኸም፤ ወደ እኛ ዞሮ «ኩታበር የሚያልፍ ሰው ካለ ለቤቴ ይንገርልኝ። በሬ ሊገዛ ሄዶ ቀረ በሉልኝ» ብቻ አለ።

ከሲታውን ልጅ አየሁት። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ፣ ተመለሰ። አፉ ይከፈታል፣ ድምፅ አይወጣውም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣቴ ላሳየው ተነስቼ ነበር። ሌላ ሰው ሲታሰርለት እንዴት ዝም ይላል? ግን ልጁ የሰዒድ እኩያ ነው። አንገቱም እንደ ሰዒድ ቀጭን ነው። ገብሬን ባወጣ ይህን ልጅ ላስገባ ነው። ለሁለቱም አይገባቸውም።

ሸሚዙ አቧራ ላይ ተጥሏል። እግር ሊረግጠው ነው። በእኛ ወግ ሰው በሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ካልመጣ የሚለቀሰው በልብሱ ላይ ነው። ልብስም ከሌለ ለቅሶው ማረፊያ የለውም። ያንን ቀዳዳ ሳይ ሌላ ምክንያት አልታየኝም። ሄጄ ሸሚዙን አነሳሁት።

«የኔ ነው» አልኩ።

«ምንሽ ነው?»

«የሞተው ወንድሜ ልብስ ነው። ከጠረፍ ማዶ አክስቴ አለች፤ አሳድጋዋለች። እንድታለቅስበት ይዤላት ነው የምሄደው።»

ሃምሳ አለቃው ከያዛቸው ወረቀቶች የኔን ፈልጎ አወጣ። የአባቴ ስም እዚያው አለ።

«የወንድምሽ ስም?»

እናቴ በመስኮቱ ያለችኝ መጣብኝ። ሌላ ስም ለመፍጠር ፈለግኩ፣ ግን ዓይኑ ፊቴ ላይ ነው፣ ብዘገይ ያውቃል።

«ሰዒድ» አልኩ።

ቃሉ ሲወጣ ምላሴ ላይ ቀዘቀዘኝ።

«መንግሥት ሳይናገር ማን አረዳሽ?»

«ቀዳዳው አረዳኝ ጓድ። ከዚህ በላይ ማን ይንገረኝ?»

«ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ አፍሽን ዘግተሽ ምን ትጠብቂ ነበር? ሰው እስኪታሰር?»

ይህንን ነው የፈራሁት። «በእርስዎ አገር መርዶ በመንገድ ይነገራል?» አልኩት። «እናቴ ገና አልሰማችም። እዚህ የሰፈሬ ሰው አለ፤ አሁን ብናገር ማታ ደሴ ይገባል። እናቴ በወጉ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዘመድ ደግፏት መስማት አለባት ብዬ ነው። ሰው ሲታሰር ግን አልቻልኩም።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። «ወንድም የሞተባት ሴት አትመስይም» አለ። «ዓይንሽ ደረቅ ነው።»

ሸሚዙን ዘረጋሁት። እጅጌው ተንጠለጠለ። ሙሾ ማውረድ ሸሆቹ ይከለክላሉ፤ በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ደግሞ ሸህም ሳይከለክል ሰው የማያደርገው ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ።

«ሸሚዝህ ደረሰ አንተን ወዴት ጥሎ፣
ማን ይግባ ከእንግዲህ እማ መጣሁ ብሎ።»

ለማስመሰል ነበር የጀመርኩት። «እማ መጣሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን የሰዒድ ድምፅ በጆሮዬ ገባ፣ ጫማውን ደጃፍ ላይ ሲያራግፍ ሰማሁት፣ እንባዬም የራሱን መንገድ ያዘ። ደረቴን ደቃሁ።

እትዬ ታንጉት ከጎኔ መጡ። እንደዋሸሁ ያውቁ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጣፉና የሸሚዙን አንድ እጅጌ ያዙ። ሌሎቹም ሴቶች ተከተሉ፤ ለቅሶ እየሰማ የሚቆም የወሎ ሰው የለም። ከዚያ እትዬ ታንጉት ድምፃቸውን አወጡ።

«አበራዬ! ልጄ አበራዬ! ደጄ ላይ ጥለውህ፣ አታልቅሺ ብለውኝ፣ አበራዬ!»

አበራ የበኩር ልጃቸው ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ገድለው ደጃቸው ላይ ሲጥሉት፣ ብታለቅሺ አንቺም ትከተይዋለሽ ተብለው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው የዋሉ ሴት ናቸው። ያ ሁሉ ዓመት የተዘጋ ድምፅ በወታደር ፊት፣ በኬላ ላይ ተከፈተ። ቢይዟቸውም የሚቆሙ አልነበሩም።

ሃምሳ አለቃው እጁን አነሳ። ለቅሶው እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። እትዬ ታንጉት ብቻ ይንሰቀሰቃሉ።

«አበራ ማነው?» አለ። «ሟቹ ሰዒድ አይደለም?»

ሁላችንም አንድ ላይ ልንጠፋ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ገብሬም፣ ልጁም፣ እትዬ ታንጉትም፣ እኔም። ያኔ አያ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወሎ ነው እኮ ያለነው ጓድ» አሉ። «በአባቱ ቤት ሰዒድ የተባለ በእናቱ ወገን አበራ ይባላል። እኔ ራሴ በአያቴ ቤት ኃይሉ ነኝ። ኃይሉ ብለው ይጥሩኝ፣ አቤት እላለሁ።»

ሃምሳ አለቃው ወደ እሳቸው ቀረበ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትምላለህ?» አላቸው።

መሐላ የለም ያለው ሰው ነው። አያ ይማም ቀና አሉ። ላብ በጺማቸው ይወርዳል።

«ወላሂ» አሉ፣ «እኚህ እናት የሚያለቅሱት ለሞተ ልጃቸው ነው።»

እውነቱን ማሉ። ከቃላቸው አንዲት ሐሰት አልነበረችበትም። ቀደም ሲል ስለ ገብሬ የተናገሩትን አልረሳሁትም፤ ይህንንም አልረሳሁላቸውም።

ሃምሳ አለቃው የማን ልጅ ነው ብሎ ሁለተኛ አልጠየቀም፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ሸሚዙን ከእጄ ተቀበለኝ፤ አቧራውን በመዳፉ አራገፈ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፎ ልክ ወታደር እንደሚያጥፍ አጠፈው።

«ፍቱት» አለ ገብሬን። ለኔ «አትደብቂው። ሌላም ኬላ ላይ በእጅሽ ያዥው። የደበቁት ነገር ነው የሚያስይዝ» አለኝ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «እግዜር ያጥናሽ» አለ። ጓዶች ያን ቃል አይሉትም ነበር።

ሰንሰለቱ ወደቀ።

ኮምቦልቻ ከኋላችን ቀርታ እስክትጠፋ ረዳቱ እንኳ ሒሳብ አልጠየቀም። ከዚያ አያ ይማም ሹፌሩን አስቁመው ጣራ ላይ ወጡና አንድ ሣጥን ቲማቲም አውርደው በየወንበሩ ማደል ጀመሩ።

«ለቅሶ ያለ ንፍሮ አይሆንም» ይላሉ። «ንፍሮ የለም፣ ይኸው።»

እኔ ዘንድ ሲደርሱ «ከእጅዎ አልበላም» አልኩ።

«ብዪ። ዛሬ ብዪና ነገ ትጣዪኛለሽ።»

በላሁ። በነጋው አልተጣላኋቸውም፤ አስቤበት ነበር።

ባቲ አደርን። በማለዳ ገብሬ ወደ ከብት ገበያው ሊሄድ ሲል ከሲታውን ልጅ ክንዱን ይዤ ፊቱ አቆምኩት።

«ቦርሳው የዚህ ነው» አልኩ። «ሲያስሩህ ዝም ያለው እሱ ነው። ማወቅ ይገባሃል።»

ልጁ ገብሬ እግር ላይ ወደቀ። ሙሄ ይባላል። እየተንተባተበ ነገረን፤ ከጦር ግንባር የከዳ ነው፣ ልብሱ ግን የእሱ አይደለም። ጀማል የሚባል ጓደኛው አጠገቡ ወድቆ ሞተ። የጀማል እናት ከጠረፍ ማዶ ሻይ ትሸጣለች፤ ሌላ ልጅ የላትም። «ልብሱን ካላደረስኩላት በምን ታለቅሳለች?» አለ። «ያየው ሰው ሁሉ ጣለው ይለኛል፣ እንዴት ልጣለው?»

እንግዲህ አስቡት። የፈጠርኩት ሐሰት ሁሉ፣ ከስሙና ከዝምድናው በቀር፣ እውነት ነበር።

ገብሬ ልጁን ብብቱን ይዞ አነሳው። የተላጨ ራሱን ሲያይ ቆየና «ያንን በሬ ባገኘው ነበር ደስ የሚለኝ» አለ። «ወግቶኝ አልበቃውም፣ ሊያስገድለኝ ነበር።» ሳቀና ወደ ገበያው ሄደ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ጠረፉ ላይ ሸሚዙን በሁለት እጄ አቅፌ ወረድኩ። ሙሄ ባዶውን ቦርሳ በጀርባው አዝሎ ከጎኔ ቆመ። ኮምቦልቻ ላይ የሰጠው ወረቀት ጠረፍ የሚያሻግር ይለፍ አልነበረም። ጠባቂው ከኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ሸሚዙ ተመለከተ። ጣቱን ወደ ቀዳዳው ሰደደና ሳይነካው መለሰው።

«ለቅሶ ናቸው» አለ ሹፌሩ ከመሪው ላይ ሆኖ።

ጠባቂው መንገዱን ለቀቀ። በእግራችን ተሻገርን።

የጀማልን እናት ሻይ ስትቀዳ አገኘናት። ልብሱን ስታይ ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። በሌላ ሰው ስም ኮምቦልቻ ላይ እንደተለቀሰበት አልደበቅኳትም፤ ይገባታል ብዬ ነው። ፊቷን በሸሚዙ ሸፍና «አሁን በስሙ» አለችኝ። በስሙ አለቀስንለት። ጀማል ብለን።

ባሌን ድኖ አገኘሁት። ደሴ ስመለስ ግን እኔ ለሃምሳ አለቃው የነገርኩት ደርሶ ነበር። ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤቴ ገብቶ እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ላይ ወድቄ «ሐሰት ነው እማ፣ ሰው ለማዳን ነው» አልኳት። ደጋግሜ ነገርኳት። ስታዳምጥ ቆይታ «ልታጽናኚኝ ነው» አለች። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ አላመነችኝም። ከእርሷ ጋር በአንድ ቤት የኖርኩትን ያንን ዘመን አላህ ለጠላቴም አይስጥ።

ይህን የምታነቡ፣ «ታዲያ ይቆጭሻል?» ትሉኝ ይሆናል። የልጅ ልጆቼም ይሉኛል። እናቴን ሳስብ ይቆጨኛል። ገብሬን ሳስብ አይቆጨኝም። ሁለቱ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም፤ እኔም ላስታርቃቸው መሞከሬን ትቻለሁ። አንድ ነገር ግን በዚያ ቀን ተለውጦብኛል። ከዚያ በፊት ፍትሕ ማለት ለኔ ማን እንዳጠፋ ማወቅ ነበር። አጥፊውን አውቀው ነበር፤ ጣቴም ተዘጋጅቶ ነበር። ዛሬ ሰው ተሰብስቦ አንዱን ሲጠቁም ሳይ፣ ስለ ሰውየው ከመጠየቄ በፊት ፀሐይ ላይ ማን እንዳቆማቸው እጠይቃለሁ። እናንተም እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ።

ሰዒድ የመጣው ደርግ በወደቀ ሰሞን ነው፣ በእግሩ፣ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከተበተኑት ወታደሮች ጋር በየመንደሩ እንጀራ እየለመነ። እናቴ ደጃፍ ላይ አየችው። ሰውነቱን ዳሰሰች፣ ጆሮውን ጎተተች፣ ከዚያ ዘወር ብላ እኔን በጥፊ መታችኝ፤ ወዲያው ደግሞ አቀፈችኝ።

ሲያርፍ፣ ጎረቤት ሲበተን፣ ከጎኑ ተቀምጬ ነገርኩት። በቁምህ አልቅሼብሃለሁ፣ ሙሾ አውርጄብሃለሁ አልኩት። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የቆሰለ እግሩን እያየ ቆየና «ስንት ሰው ነበር?» አለኝ።

«አውቶብስ ሙሉ።»

«ሁሉም አለቀሱ?»

«ሁሉም። የኬላው አዛዥ እንኳ ባርኔጣውን አውልቋል።»

ከዚያ የእጁን ጣቶች እያጠፈ ስም መጥራት ጀመረ። አላውቃቸውም፣ አብረውት የነበሩ ልጆች ናቸው፤ የጎጃም አለ፣ የወለጋ አለ፣ የኛው የወሎም አለ። የሁለት እጁ ጣት አልቆ እንደገና ጀመረ።

«እነዚህን የቀበራቸውም፣ ያለቀሰላቸውም የለም» አለኝ። «እኔ ተርፌያለሁ ዘሃራ። የኔን ለቅሶ ለነሱ ስጪልኝ።»